የአባቷ ጭረት

ልጄን ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አንድ አናጺ ነው። የመስኮት ልክ በቃሉ ይዞ መጥቶ «ሠላሳ ስምንት ከምናምን ነው» ሲላት፣ «ምናምኑ ስንት ሚሊ ነው?» ብላ መለሰችው። ሰውየው በቀትር ፀሐይ ሄዶ፣ ለክቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰና «አራት ነው፤ ይኸውልሽ እመት ሚሊ» አላት። ከዚያ ወዲህ እኔና አባቷ ያወጣንላትን ስም የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው።

መስታወት መቁረጥ የተማረችው ከአባቷ ነው። ሱቃችን አንድ በርና አንድ ጠረጴዛ ናት፤ ግድግዳው ላይ መስታወት ተደግፏል፤ ጠረጴዛው ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። አባቷ የመቁረጫውን ጫፍ ነጭ ጋዝ ያስነካና አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳያቆም፣ ከዳር እስከ ዳር ይስበዋል። «ጆሮሽን ስጪው» ይላታል። «ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ ካሰማሽ ልክ ነሽ። ሲጥ ሲጥ ካለ ግን እጅሽ ፈርቷል ማለት ነው፤ ተይው።»

አባቷ አንድ ልማድ ነበረው። መስታወቱን ቆርጦ፣ ሁለት ጊዜ ለክቶ፣ ልክ መሆኑን ሲያረጋግጥ በመቁረጫው ጫፍ ከማዕዘኑ ጥቂት ገባ ብሎ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጭረት ያደርጋል። «አበቃ» ማለቱ ነው። ጭረቷ የምታርፈው የመስኮቱ እንጨት በሚውጠው ቦታ ስለሆነ፣ ስቱኮ ከተመረገበት በኋላ ማንም አያያትም። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ከሌላ ሱቅ የገዛውን የተንጋደደ መስታወት ተሸክሞ መጣና «ያንተ ሥራ ነው፤ ቀይርልኝ» ብሎ ሰው ሰበሰበ። አባቷ አልተቆጣም። ማዕዘኖቹን በጥፍሩ አንድ በአንድ ዳሰሰና «ወንድሜ፣ ይህ ልጅ የእኔ አይደለም፤ አባቱን ፈልግለት» አለው። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውየውም መስታወቱን አቅፎ ሄደ። ልጄ ያን ቀን ከጠረጴዛው ማዶ ነበረች። ከዚያ በኋላ ያቺን ጭረት ሳታደርግ ያስረከበችው መስታወት የለም።

አባቷ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። የልጇ አባት ደግሞ ሥራ ልፈልግ ብሎ እንደወጣ የውሃ ሽታ ሆነ። ቤት የቀረነው ሦስት ሴቶች ነን፤ እኔ፣ እሷና ዘጠኝ ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ። ሦስታችንም የምንበላው በእሷ እጅ ነው።

ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የጭነት መኪናዎች የሚያድሩበት ባዶ ሜዳ ነበር። አንድ ቀን በቆርቆሮ ታጠረ። ከቆርቆሮው በላይ የብረት ምሰሶዎች ብቅ አሉ፤ ቀጥሎ ጣሪያው መጣ። በመጨረሻ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ። «የመስታወት ማቀነባበሪያ ፋብሪካ» ይላል፤ ከሥሩም «ለመቶ ሃያ ሰዎች የሥራ ዕድል»። እኔ ቃል በቃል እያነበብኩ መሀሉ ላይ ሳልደርስ ልጄ ጨርሳው ኖሮ ፊቷ ዳመነ።

«እማዬ፣ እንግዲህ ሱቃችንን መዝጋት ነው» አለችኝ።

«ለምን? መስኮት የሚሰበርበት ሰው አይጠፋ።»

«የሚሰበርበትስ አይጠፋም። እዚህ የሚመጣው ነው የሚጠፋው።»

ባለፋብሪካው ራሱ ወደ ሱቃችን የመጣው ግንባታው ሳያልቅ ነው። የቢሮው መስኮት በድንጋይ ፍንጣሪ ተሰብሮበት ነበር። ሃምሳን የተሻገረ፣ የሸሚዙን እጅጌ የሰበሰበ፣ ጫማው ሲሚንቶ የለበሰ ሰው ነው። ልኩን ነገራት።

«ማን ለካው?» አለችው።

«እኔ።»

«ሁለት ጊዜ?»

 ከዚያ ተመልሶ ሄዶ ለካና መጣ። ሦስት ሚሊ ተሳስቶ ነበር። ስትቆርጥለት አጠገቧ ቆሞ ያይ የነበረው እጇን ሳይሆን ፊቷን ነው።

«በጆሮሽ ነው እንዴ የምትቆርጪው?»

«አባቴ እንዲህ ነው ያስተማረኝ ጋሼ።»

«ቀጥ ያለውን የሚቆርጥ ማሽን ገዝቻለሁ። ሰያፉንና ጠማማውን የሚቆርጥልኝ እጅ ነው ያጣሁት። ነይ፤ የእጅ ጠረጴዛው ያንቺ ይሁን።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ» አልኳት። ደመወዙ በሱቁ ከምናገኘው እጥፍ ነበር። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት በዚያ ወር ቀይ ቀለም ያለው የክፍያ ማስጠንቀቂያ መላክ አቆመ።

መጀመሪያ ስልሳ ሰው ተቀጠረ። ሌላው ስልሳ፣ ባለፋብሪካው እንዳለው፣ የሚቀጠረው የመጀመሪያው ትዕዛዝ ያለ እንከን ሲወጣ ነው። ከስልሳዎቹ አንዱ ከቤታችን ጀርባ የሚኖረው ጎረቤታችን ነው። ገበያ ውስጥ ሃያ ዓመት ሸክም የተሸከመ፣ ትከሻው የበር ያህል የሚሰፋ ሰው ነው። እንቁላልም ይሸከም ቁም ሳጥን፣ ከፊቱ ላለ ሰው ሁሉ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ስለሚል ስሙ ቀስ በሉ ሆኖ ቀረ። ለቅጥሩ ዋስ የሆነችው ልጄ ናት። እሷ የቆረጠችውን ሰያፍ መስታወት ከጠረጴዛዋ ጠርዙ ወደሚሞረድበት መሳያ፣ ከመሳያው ወደ ማጠቢያው፣ ከዚያ ወደ ምድጃው የሚያደርሰው እሱ ነው።

ምድጃው እንደ ረጅም ዋሻ ነው ትለኛለች። መስታወቱ በተንከባላይ ዘንጎች ላይ ተኝቶ ይገባል፤ ቀልጦ ሊፈስ ትንሽ ሲቀረው ይወጣና ከላይም ከታችም ቀዝቃዛ ነፋስ ይለቀቅበታል። እንዲህ የተጠበሰ መስታወት በመዶሻ ቢመታ አይሰበርም። ነገር ግን አንዴ በእሳት ካለፈ አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ አይሳልም። ሁሉ ነገር ከእሳቱ በፊት ማለቅ አለበት። «እንደ ልጅ አስተዳደግ በይው» አለችኝ። «አንቺማ ልጅሽን ከእሳቱ በኋላም ትቆነጥጫለሽ» ብዬ አሳቅኋት።

የመጀመሪያው ትዕዛዝ የአንድ አዲስ ሆስፒታል ነበር። በርና መስኮቱን ማሽኑ ቆረጠው፤ በሰላም አለቀ። የቀረው የደረጃው መደገፊያ ነው፤ አሥር ሰያፍ መስታወት፣ እንደ ጣት የወፈረ። እሱ የልጄ ድርሻ ነው። የሆስፒታሉ መኪና ሐሙስ ስድስት ሰዓት ሊመጣ ቀጠሮ ተይዟል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ቁጭ ብዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ጆንያ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ የተገለበጠ ይመስል ነበር። ከዚያ ፋብሪካው ጭር አለ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ሰማሁት፤ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስተኛውን። ልጄ ወደ ቤት ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሦስት ፈነዳ» አለችኝ። «አምስቱ በደህና አለፉ፤ ሦስቱ ነፋሱ ሲለቀቅባቸው ብን አሉ። ምድጃው ተፈተሸ፣ ምንም የለውም። የማሽኑ መስታወት አንድም አልፈነዳ። የሚፈነዳው ሰያፉ ብቻ ነው። በቀረን መስታወት አምስት ቆርጫለሁ፤ ለአሥር የሚጎድለውን ልክ ይሞላል፣ ትርፍ ግን የለንም። ነገ ይገባሉ።»

«የማን ጥፋት ነው ይላሉ?»

ወደ ጓዳ ገባች። መልሱን ያገኘሁት ከቀስ በሉ ነው። ፀሐይ ሳትገባ የጋራ ቧንቧችን ዘንድ ውሃ ሲቀዳ አገኘሁት።

«እንዴት ዋልክ ልጄ?»

«እጀ ሰባራ ሆኜ ዋልኩ እማማ።»

«ማን አለህ?»

«ፎርማኑ። ሦስቱንም የተሸከምኩት እኔ መሆኔን ጽፎ ያዘው። የሆነ ቦታ አጋጭተህ ይሆናል ነው የሚለው። ነገ ከሰያፉ ያነሳኛል፤ ሌላ ሰው ይሸከማል። አንድም ካልፈነዳ ጓንቴን አስረክቤ እወጣለሁ።»

«ከፈነዳስ?»

«ከፈነዳማ ትዕዛዙ ይቀራል። ያኔ ሁላችንም አብረን እናስረክባለን፤ ቢያንስ ብቻዬን አልሆንም።» ቧንቧውን ዘጋ። «ሃያ ዓመት እንቁላል ተሸክሜ አንድ አስኳል አላፈሰስኩም እማማ። ይህን ለማን ልንገረው?»

ልጄ በመስኮቱ በኩል ሰምታው ኖሮ ወጣች። «አንተ አይደለህም» አለችው።

«ታዲያ ማን ነው ሚሊ?»

ዓይኗን ወደ ባልዲው መለሰች። ባልዲውን አንስቶ፣ ጠብታ ሳያፈስ፣ ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት ሻይ እየጠጣች ሳለ የቤታችንን መስኮት በአሮጌ የሹራብ ጨርቅ እወለውላለሁ። ያንን መስታወት የቆረጠችው እሷ ናት። ዝናብ ስቱኮውን ስላነሳው የታችኛው ማዕዘን ተራቁቷል። ጨርቁ እዚያ ሲደርስ ክሩ ያዘኝ። ስስበው ተጎተተ እንጂ አልለቅ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ጭረቷ ናት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ እዚያው ላይ ቀረ።

«ይቺን እዚያም ታደርጊያታለሽ?» አልኳት።

«የቷን?»

ክሩን ሳልነቅል አሳየኋት።

የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መስታወቱን አላየችም። ቀኝ እጇን ነበር የምታየው፤ የሌላ ሰው እጅ ቤቷ ገብቶ ያገኘችው ይመስል።

«አላውቅም» አለች። «እማዬ፣ እውነቴን ነው፣ አላውቅም። እኔ አላደርግም። እጄ ግን ያደርግ ይሆናል» አለች።

ከዚያ እየተነሳች እየተቀመጠች ነገረችኝ። ሲያሠለጥኗቸው ፀጉር የምታህል ጭረት እሳት ውስጥ ትከፈታለች ብለዋቸዋል። ሌሎቹን ሁሉ የምታስጠነቅቀው እሷ ናት። አምስቱ ያለፉት ጭረቷ ወደ ጠርዝ ቀርባ ስላረፈች መሳያው በልቷት ይሆናል። ሦስቱ ላይ ግን ገባ ብላ አርፋ ነበር።

«የዛሬዎቹስ?» አልኳት።

«ተስለው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመዋል።» በመዳፏ አፏን ያዘች። ሐሳብ ሲገባት እንዲህ ታደርጋለች፤ አባቷም እንዲሁ ነበር። «ጭረቷ ያለችበትን ማዕዘን ሁለት ጣት ያህል ቆርጬ ባነሳው ትሄዳለች። ማዕዘኑን የደረጃው ብረት ስለሚውጠው ማንም አያየውም። ፎርማኑ ሳይመጣ ብደርስ...»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አይፈነዳም።»

 የልጅ ልጄ ጓዳ ውስጥ ጫማዋን እየፈለገች ታጉረመርማለች።

«ካልፈነዳ ቀስ በሉ ጓንቱን ያስረክባል» አለች ልጄ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና። «እጁ ተነሳ፣ ፍንዳታው ቆመ ይላሉ።» ቀጥላም «ከተናገርኩ ደግሞ እኔ ነኝ የማስረክበው» አለች።

አድርጊም አታድርጊም አላልኳትም።  በአንድ ዓይኔ የልጅ ልጄን ጫማ፣ በሌላው የቀስ በሉን ባልዲ አያለሁ፤ ለልጅ እናት ይህን አድርጊ ማለት ቀላል ነው፣ ቀን በቀን የምትኖረው ግን እሷ ናት። ስስ ጃኬቷን ለብሳ ሮጣ ወጣች። ምሳዋን ረሳችው። ሆን ብላ ነው የረሳችው እላለሁ፤ እሷ ግን አይደለም ትላለች።

እስከ ሦስት ሰዓት ሱቅ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ ማዶ ጣልኩ። ምንም የለም። የምሳ ዕቃውን በዚያው በሹራብ ጨርቅ ጠቅልዬ መንገዱን ተሻገርኩ። ጥበቃው ያውቀኛል፤ «ከቢጫው መስመር አይለፉ እማማ» ብሎ አስገባኝ።

ውስጡ እንደ ውጭ ሰፊ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ወለሉ ግራጫ ሲሚንቶ ነው፤ ምድጃው ከሩቅ ፊትን ያሞቃል። ልጄ ጠረጴዛዋ ዘንድ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። አምስቱ መስታወቶች አጠገቧ በመደገፊያው ላይ ተሰድረዋል። ዓይኔ ማዕዘን ማዕዘናቸውን ፈለገ። የሁለቱ የታች ማዕዘን ተቆርጧል፤ ተስሏልም።

 በጠዋት ደርሳ ጀምራዋለች ማለት ነው። ከጠረጴዛው እግር ሥር ሁለት ትንንሽ የመስታወት ሦስት ማዕዘኖች በጋዜጣ ተሸፍነዋል።

ቀስ በሉ ከዳር መጥረጊያ ይዞ የትናንቱን ስባሪ እየጠረገ ነው። ስባሪው እንደ ጨው እህል የደቀቀ ነበር። ፎርማኑ፣ እርሳስ በጆሮው የሰካ ቀጭን ሰው፣ እጁን አጨበጨበና «ሰያፎቹ ይምጡ» አለ። አዲሱ ተሸካሚ የመጀመሪያውን አነሳ። ማዕዘኑ የተቆረጠው ነበር። ልጄ ዞር ስትል አየችኝ። ዓይኗን ወዲያው መለሰች።

መስታወቱ ታጥቦ ወደ ምድጃው ገባ። ደቂቃዎቹ አያልቁም። ከዚያ ወጣ፤ ነፋሱ ተለቀቀ፤ ጩኸቱ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ነፋሱ ሲቆም መስታወቱ እንዳለ ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ ገባ፤ እንዲሁ ወጣ።

ፎርማኑ ወደ ቀስ በሉ ዞረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ያ ነው የባሰው።

«አየህ ወንድሜ? እጅ ተቀየረ፣ ነገር ተቀየረ። ጓንትህን አምጣ።»

ቀስ በሉ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፈ።  ጓንቱን ጣት በጣት እያላቀቀ ማውለቅ ጀመረ። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያል። እኔ የማየው ልጄን ነበር። ቀኝ እጇን በግራ እጇ ጨብጣ ይዛዋለች። ቀኙ ጓንት ወለቀ። ግራውን ጀመረ።

«አይቀበሉት» አለች ልጄ።

ፎርማኑ አልሰማትም መሰለኝ። እጁን ዘርግቶ ነበር።

«ፎርማን፣ ጓንቱን አይቀበሉት። ያፈነዳሁት እኔ ነኝ።»

ወደ እኔ መጣች። እጄ ላይ ካለው ምሳ ዕቃ ጨርቁን ፈትታ ወሰደችና ማዕዘኑ ወዳልተቆረጠ አንድ መስታወት ሄደች። ከታች ጀምራ ጨርቁን ሳበችው። ማዕዘኑ ዘንድ ሲደርስ ክሩ ያዘ። ጎተተችው፤ ረጅም ክር ሆኖ ተንጠለጠለ።

«ይቺ ናት» አለች። «የአባቴ ልማድ ናት። ሳላውቀው አደርጋታለሁ። ያወቅሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ሦስቱ የፈነዱት በዚች ነው፤ በእሱ እጅ አይደለም።»

«አሁን ያለፉት ለምን አልፈነዱም ታዲያ?»

ጎንበስ ብላ ጋዜጣውን አነሳች። ሁለቱ ቁራጮች ታዩ። «ጠዋት ማንም ሳይኖር ቆርጬ አነሳኋት። የዚህኛውን ሳልቆርጥ እርስዎ መጡ።»

የፎርማኑ ጆሮ ቀላ። «ንድፉን ቀየርሽ? ማንን ጠይቀሽ? ሆስፒታሉ ሹል ማዕዘን ነው ያዘዘው።»

ባለፋብሪካው ከቢሮው መቼ እንደወጣ አላየሁም። ጨርቁን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ አንድ ጊዜ ሳበው። ክሩ ሲይዝ ቆመ።

«ለምን እዚህ ቦታ?» አላት።

«ፍሬሙ የሚውጠው ቦታ ስለሆነ ነው ጋሼ። አባቴ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚያደርጋት። ስለዚህ... ማዕዘኑም ቢሄድ የሚታይ አይደለም።»

ስልኩን አወጣ። የሆስፒታሉን መሐንዲስ እያነጋገረ ወዲያ ወዲህ ይላል። «የታችኛው ማዕዘን... አዎ... ብረቱ ውስጥ ስንት ይገባል? ሦስት ጣት? ሁለት ጣት ቢጎድልስ?» ብዙ ሰማ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ለልጄ «ይሁን ብሏል። ቁረጪው» አላት።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኙላት። መቁረጫውን ነጭ ጋዝ አስነካችው።  ሁለት ጊዜ አስጠግታ ሁለት ጊዜ መለሰችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሳበችው። ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ማዕዘኑን በመቆንጠጫ ይዛ ሰበር ስታደርገው ጭረቷን እንደያዘ በእጇ ቀረ።

ሜትሩን አውጥታ ለካች። ደግማ ለካች። ልክ ነው። ያኔ የመቁረጫው ጫፍ ዞረ። እሷ የፎርማኑን ፊት ነበር የምታየው፤ የእጇ አንጓ ግን በራሱ ታጥፎ ወደ አዲሱ ጠርዝ ወረደ።

«ቀስ በይ» አላት ቀስ በሉ።

ቆመች። ጫፉ ከመስታወቱ የነበረው ርቀት አንድ ወረቀት አያስገባም። ጣቶቿን ከፍታ መቁረጫውን ብርድ ልብሱ ላይ ጣለችው፤ እጇንም ከጀርባዋ ደበቀችው።

«ማን ይሸከመው?» አለ ባለፋብሪካው።

«እሱ ይሸከመው» አለች።

ቀስ በሉ አላያትም። የወለቀውን ቀኝ ጓንቱን መልሶ ጣት በጣት አጠለቀው። መስታወቱን ወደ መሳያው፣ ከዚያ ወደ ማጠቢያው ወሰደ፤ ምድጃው ዘንድ ሲደርስ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ አስቀመጠው። ገባ።  ነፋሱ ሲለቀቅ ልጄ ጆሮዋን ያዘች። እኔ የቢጫውን መስመር ረግጬ አልፌ ነበር፤ ጥበቃውም አልከለከለኝም።

ነፋሱ ቆመ። መስታወቱ እንዳለ ነው።

ማንም አላጨበጨበም። የቀሩትን ሁለቱን ጨርቅ ሳቡባቸው፤ ክር የያዘ የለም። እነሱም በደህና አለፉ። አሥር ሞላ።

ባለፋብሪካው ልጄን ወደ ቢሮው አልወሰዳትም፤ እዚያው ተናገራት። «ስህተቱን አልይዝብሽም። እጅሽ የሚያውቀውን ሁሉ ማን ጠይቆሽ ያውቃል? እኔም አልጠየቅሁሽም። ጠዋት ያደረግሽውን ግን እይዝብሻለሁ። ይህ ሰው ጓንቱን እስኪያወልቅ ጠበቅሽ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ሦስት ወር ከእጅ ጠረጴዛው ትነሻለሽ። ማጠቢያው ላይ፣ በማጠቢያው ደመወዝ። ከምድጃው በፊት በእያንዳንዱ መስታወት ላይ ጨርቅ የምትስቢው አንቺ ነሽ። ከሦስት ወር በኋላ እናያለን።»

«እሺ» አለች። ምሳ ዕቃዋን ከእጄ ተቀበለችኝ። ጨርቁን ግን አልመለሰችልኝም።

ሐሙስ የሆስፒታሉ መኪና መጥቶ ጫነ። በሳምንቱ ሌላው ስልሳ ሰው ተቀጠረ፤ ሰልፉ እስከ ሱቄ ደጅ ደርሶ ስለነበር ለነፍሰ ጡሮቹ ወንበር አወጣሁ። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ቀዩን ወረቀት እንደገና ላከ። ፎርማኑ ልጄን ሰላም አይላትም። ቀስ በሉም አይላትም። ቧንቧው ዘንድ ሲያገኛት ባልዲውን ይዞ ይመለስና ስትሄድ ይመጣል። እኔን ግን «እንዴት አደሩ እማማ» ይለኛል፤ ከእኔ ጋር ምን አለው?

አንድ እሑድ ልጄ ሱቅ ነበረች። ቀስ በሉ መጣና በሩን ሞልቶ ቆመ።

«የጓዳዬ መስኮት ተሰብሯል» አለ። «ሠላሳ አንድ ከስድስት ሚሊ፣ በአርባ ከሁለት። ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ።»

«ተቀመጥ» አለችው።

«መቆም ለምጃለሁ።»

ቆረጠችለት። ለካች፤ ደግማ ለካች። መቁረጫው ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ፤ አየር ላይ ቀረ።

«ምነው ቆምሽ?»

«ላድርጋት?»

ቀስ በሉ እኔን አየኝ፤ መስታወቱን አየ፤ አገጩን አከከ። «የእኔ ጓዳ ምድጃ የለውም» አለ። «አድርጊያት። ነገ ብትፈነዳ ማንን እንደምይዝ ልወቅ።»

ሳቀች። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን ነው ያየኋት። ጫፉን አስነካችና የሩዝ ፍሬ የምታህለውን ጭረት አደረገች። ቀስ በሉ በጥፍሩ ዳሰሳት፤ መስታወቱን ብብቱ ሥር ያዘ።

«ነገ አንድ ሰዓት ላይ በደጃችሁ አልፋለሁ» አላት። «አብረን እንሂድ።»

ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ቀስ እያለ፣ መንገዱን ተሻገረ።